ሁለተኛ አራስነት

በወሎ ከአቀስታ ወደ መካነ ሰላም የሚወስደው መንገድ ብርዳም ነው። ውርጭ ገብሱን በሚያቃጥልበት፣ እረኛው እስከ ጆሮው በጋቢ ተጠቅልሎ በግ በሚያግድበት ሜዳ ያልፍና ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ወደተቆረቆረችው ከተማ ይደርሳል። ለወባ ትንኝ ይህ ከፍታ አይመችም። እንግዳ ሰው ይህን አይቶ አገሩ ከወረርሽኝ የራቀ ነው ቢል አይፈረድበትም። ግን ደጋው ብቻውን አይኖርም። የዚሁ አካባቢ ወረዳዎች ቦረናና ወግዲ በምዕራብ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳሉ፤ ሳይንት በሰሜን ወደ በሽሎ ወንዝ ይቆለቆላል። ክረምቱ ወጥቶ ማሽላው ሲያሽት የደጋው ሰው ለጥበቃ፣ ኋላም ለአጨዳ ወደ ቆላ ይወርዳል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ደግሞ ዋናው የወባ ወቅት ነው። ወርዶ የከረመው ሰው እህሉንም ትኩሳቱንም ይዞ ይወጣል።

ወባ በአገር ደረጃ ምን ያህል እንደበረታ ለማየት እ.ኤ.አ. 2024ን መጥቀስ ይበቃል። ከጥር መጀመሪያ እስከ ጥቅምት 20 ባለው ጊዜ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው ታሟል፤ 1,157 ሰው ሞቷል። በእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ የማይታይ አንድ ሰው አለ። ራሱ አልታመመም፤ እናቱ ስትታመም ግን ምግቡ የተቋረጠበት ሕፃን ነው።

አንዲት እናት እንውሰድ። ስም አንሰጣትም፤ የምናስባት እናት ናት፣ የሚደርስባት ግን በዚህ አገር በየዓመቱ የሚደርስ ነው። ቤቷ ወይና ደጋው ወደ ቆላ በሚታጠፍበት አፋፍ ላይ ነው። የሦስት ወር ልጅ ታጠባለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ብርድ ብርድ አላት። «ምች ነው» ተባለና ዳማከሴ ተጨምቆ ጠጣች። በሦስተኛው ቀን መቆም አቃታት፤ በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም በመኪና ወደ ሆስፒታል ተወሰደች። ልጁ ከአያቱ ጋር ቀረ። አያት ክፉ አይደሉም፤ «ትኩሳቷ በወተቷ ይገባበታል» ብለው ከልባቸው ፈርተው ነው ያስቀሩት። የላም ወተት በውሃ አቅጥነው፣ ስኳር ጣል አድርገው በጡጦ ሰጡት። አልፎ አልፎም የአብሽ ውሃ።

እናቲቱ በሄደች በዐሥረኛው ቀን ድና ተመለሰች። ጡቷ ግን ሟሙቷል። ልጁን ስታስጠጋው ያዝ ያደርግና ራሱን ነቅንቆ ይጮኻል፤ የጡጦው ጫፍ ያለ ትግል የሚያፈስለትን ለምዷል። ተቅማጥ ይዞታል፣ ጉንጩም ጎድጉዷል። ጎረቤት ገብቶ አይቶ ከንፈሩን ይመጥና «በቃ፣ ነጥፏል» ይላል።

ፍርዱ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የነጠፈ የእናት ጡት በአብዛኛው ይመለሳል። የሚመለሰውም በመድኃኒት ሳይሆን በራሱ በልጁ አፍ ነው።

ከብት ያረባ ሰው ነገሩን ግማሽ መንገድ ያውቀዋል። ላም ካልታለበች ትነጥፋለች። ጥጃዋ የሞተባት እንደሆነ ደግሞ ቆዳው ጭድ ተሞልቶ አጠገቧ ይቆምላታል፤ እሱን ስትልስ ያገደችውን ወተት ትለቃለች። በእናት ጡትም የሚሠሩት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ልጅ ጡት ሲስብ ከአንጎል ሥር ፕሮላክቲን የሚባል ቅመም ወደ ደም ይለቀቃል፤ ወተት የሚያሠራው እሱ ነው፣ ሌሊት ደግሞ ይበረታል። ኦክሲቶሲን የሚባለው ሁለተኛው የተሠራውን ወተት ገፍቶ ያወጣል። የመጀመሪያው መሳብን ይፈልጋል፤ ሁለተኛው የእናቲቱን ልብ መረጋጋት። በጡት ውስጥ ሳይወጣ የቆየ ወተት ደግሞ ራሱ «በቃ፣ ቀንስ» የሚል መልእክት ይሰጣል። ስለዚህ ዐሥር ቀን ያልተጠባና ያልታለበ ጡት ሥራውን ቢያቆም አያስገርምም። ሥራውን የመሥራት አቅሙ ግን አልጠፋም።

በሰሜኑ ጦርነት ዓመታት በወሎ ከተፈናቀሉ እናቶች አፍ የማይጠፋው «በድንጋጤ ወተቴ ሸሸ» የሚለው አባባልም እንዲሁ እውነት አለው፣ ግማሽ። ድንጋጤ የወተቱን መውረድ ለጊዜው ይይዛል እንጂ ምንጩን አያደርቅም። እናትየዋ ጥግ ይዛ፣ ሰው አጠገቧ ተቀምጦ፣ ልጇን ደረቷ ላይ አስጠግታ ደጋግማ ካጠባች ይወርዳል። «ደርቋል» ብላ ጡጦ ያነሳች ቀን ነው እውነትም የሚደርቀው።

ጡጦው ምን ያደርጋል? የላም ወተት ለሦስት ወር ልጅ ኩላሊት ፕሮቲኑም ጨውም ይበዛበታል። በውሃ ሲቀጥን ደግሞ ጉልበት የሚሰጠው ይቀንሳል፣ ውሃው የያዘው ተህዋሲ ይጨመራል። የጣሳ ወተት የተሻለ ይመስላል፤ አቅም ላለውና ንጹሕ ውሃ ላለው እውነትም ከላም ወተት ይሻላል። ግን ዱቄቱ ራሱ ከጀርም የጸዳ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ70 ዲግሪ በማያንስ ሙቅ ውሃ ተበጥብጦ፣ ከዚያ ቀዝቅዞ እንዲሰጥ የሚመክረው ለዚህ ነው። መካነ ሰላም ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህ ይበቃል። የማይበቃው ኩበቱ ነው። እንጨት በተመናመነበት ደጋ ላይ በቀን ስምንት ጊዜ፣ ሌሊቱን ጨምሮ፣ እሳት አንድዶ ውሃ አፍልቶ ዕቃ ቀቅሎ ልጅ የሚመግብ ቤት የትኛው ነው? በተግባር የሚሆነው ጠዋት የተበጠበጠው እስከ ማታ መዋሉ፣ ጣሳው እንዲበረክትም ዱቄቱ መቅጠኑ ነው።

የዚህን ዋጋ በግልጽ ያየች አገር ቦትስዋና ናት። በኤች.አይ.ቪ. ምክንያት ለእናቶች የጣሳ ወተት በነፃ ታድል ነበር፤ ሐሳቡ ቅን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ ከባድ ዝናብ ዘንቦ ውሃው ሲበከል የተቅማጥ ወረርሽኝ ገባ፤ በመቶ የሚቆጠሩ ሕፃናት ሞቱ። ሲመረመር ታመው ሆስፒታል የገቡትም የሞቱትም በብዛት ጡት የማይጠቡት ሆኑ። ያውም ቦትስዋና ከእኛ የተሻለ የቧንቧ ውሃ ያላት አገር ናት። ኢትዮጵያ በበኩሏ ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ኤች.አይ.ቪ. በደሟ ላለ እናት መድኃኒቱን ዕድሜ ልክ እየሰጠች ጡቷን እንድታጠባ ወደማድረግ ሄዳለች፤ መድኃኒቷን በሥርዓት የምትወስድ እናት ልጇን በጡት የማስያዝ ዕድሏ እጅግ ትንሽ ነው።

የኮሮናም ጊዜ ይህንኑ ጥያቄ በሌላ መልክ አመጣው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕመምተኛ አዲስ አበባ ላይ ሲታወቅ ዓለም ገና ግራ ተጋብቶ ነበር። በቻይና የተያዘች እናት ከአራስ ልጇ ለሁለት ሳምንት እንድትለይ ይመከር ነበር፤ በአሜሪካም የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር መጀመሪያ ላይ መለየትን መክሮ ከወራት በኋላ ሐሳቡን ለውጧል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ከመነሻው የያዘው አቋም አልተናወጠም፦ እናት አፍንጫና አፏን ሸፍና፣ እጇን ታጥባ ልጇን ታጥባ። ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ስሌት ነገሩን በቁጥር አስቀመጠው። ያለጊዜያቸው ወይም አንሰው የተወለዱ ሕፃናት ከእናታቸው ገላ ሳይለዩ ቢያዙ በድሃና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ከ125,000 በላይ ሕይወት ይተርፋል፤ በዚያ ምክንያት በኮሮና ይሞታሉ ተብለው የተገመቱት ከ2,000 በታች ናቸው። ማለት፣ ከበሽታው ይልቅ በሽታውን መፍራት ይበልጥ ይገድላል።

ይህ ለሌሎቹም ይሠራል፤ ደጋው በየጊዜው ለሚያያቸው በሽታዎች በተለይ። ኩፍኝን እንውሰድ። ክትባቱ የሚሰጠው በዘጠኝ ወር፣ ሁለተኛው በ15 ወር ነው። ከዘጠኝ ወር በታች ያለን ሕፃን የሚጠብቀው ከእናቱ ማሕፀን ይዞት የወጣው መከላከያ ነው፤ ያም በየወሩ እየሳሳ ይሄዳል። እናት ኩፍኝ ቢይዛት ሽፍታው ሲወጣ ልጁ ከተጋለጠ ቀናት አልፈዋል፤ ያን ጊዜ ጡት መከልከል ልጁን የሚጠቅም ነገር የለውም። የሚያስቸግረው ልጁ ራሱ ሲይዘው ነው። አፉ ውስጥ ቁስል ይወጣና ጡት ሲይዝ ያመዋል፣ ይተዋል፣ እናት «እምቢ አለኝ» ትላለች። ያን ጊዜ ወተቱን በእጅ አልቦ በንጹሕ ስኒ ወይም በማንኪያ ማጠጣት ያስፈልጋል። ይህ ሁለት ሥራ በአንዴ ይሠራል፤ ልጁ ይመገባል፣ ጡቱም አይነጥፍም።

የኮሌራ ተህዋሲ በጡት ወተት አይተላለፍም። የሚተላለፈው በእጅ፣ በውሃና በዕቃ ነው፤ ማለትም በጡጦ መንገድ። እናት ውሃ ከሰውነቷ ሲያልቅ ወተቷ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ኦ.አር.ኤስ. እየጠጣች ታጥባ፣ ጉሉኮስ ተሰክቶላትም ቢሆን ሌላ ሰው ልጁን ደረቷ ላይ ይያዝላት። በወባም እንዲሁ ነው፤ ኳርተም የሚባለውን የወባ መድኃኒት የምትወስድ እናት ጡት አታቋርጥም። ጥንቃቄ የሚሻው ሌላው የወባ መድኃኒት፣ ፕሪማኩዊን ነው። ከስድስት ወር በታች ልጅ የምታጠባ እናት አትወስደውም፤ ለዚህም ነው እናት ለባለሙያው «አጠባለሁ» ማለት ያለባት፣ ባለሙያውም ሳትነግረው መጠየቅ ያለበት። በሳንባ ነቀርሳ ደግሞ ልጁ የመከላከያ መድኃኒት እየወሰደ ይጠባል።

በእውነት ጡት የሚከለክል ወረርሽኝም አለ፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ መግባቱ የተነገረው የማርበርግ ቫይረስ እንደ ኢቦላ ሁሉ በጡት ወተት ውስጥ ይገኛል። የተያዘች እናት ማጥባት ታቆማለች፤ ከዳነችም በኋላ ወተቷ ተመርምሮ ነፃ እስኪባል ትጠብቃለች። የዝንጀሮ ፈንጣጣ በሚባለው ኤምፖክስ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተመዘገበው ሕመምተኛ በግንቦት 2017 ዓ.ም. ሞያሌ ላይ የተገኘ የ21 ቀን ሕፃን ነበር፤ በዚያ በሽታ ገላ ለገላ መነካካት ራሱ ስለሚያስተላልፍ ውሳኔው እንደ ሁኔታው በሐኪም ይሰጣል። እነዚህ ግን ልዩ ናቸው። አያት የፈሩት የወባ ትኩሳት ከእነዚህ ጋር አይቆጠርም።

አሁን ወደ እናቲቱ እንመለስ። ልጇ ከስቶ ስለተገኘ በሆስፒታሉ የማረጋጊያ ክፍል ተኝቷል። ከስድስት ወር በታች ስለሆነ ሌሎቹ የሚበሉት የለውዝ ቅቤ፣ ፕላምፒ የሚባለው፣ ለእሱ አይሆንም። ለእሱ የሚደረገው በቀጭን ቱቦ፣ በአንድ ስኒና በፕላስተር ነው።

ነርሷ ለአፍንጫ የሚሠራውን ቁጥር 8 ቱቦ ታመጣለች። አንዱን ጫፍ ቆርጣ ከእናቲቱ የጡት ጫፍ ጋር አስተካክላ በፕላስተር ትለጥፈዋለች፤ ሌላው ጫፍ ኤፍ-100 የሚባለው የሕክምና ወተት ቀጥኖ ወዳለበት ስኒ ይገባል። ስኒው ከጡት ጫፍ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይያዛል። ልጁ ጡቱንና ቱቦውን አንድ ላይ ይጎርሳል። ሲስብ ከስኒው ወተት ይመጣለታል። የሚጣፍጠው ከቱቦው ነው፤ የሚነቃቃው ግን ጡቱ ነው። ልጁ ስለተከፈለው ሥራውን አያቋርጥም፣ የእናቱም አንጎል «ልጅ እየጠባ ነው» የሚለው ወሬ ይደርሰዋል። መጀመሪያ ላይ ያስላል፣ ይተፋል፣ ፕላስተሩ ይላቀቃል፣ ወተቱ ደረቷ ላይ ይፈሳል። እናት ታፍራለች። አጠገቧ ያለች፣ ይህን ቀድማ ያለፈች ሌላ እናት «እኔም እንዲሁ ነበርኩ፣ ያዥው ብቻ» ስትላት ከማንኛውም ትምህርት ይበልጣል፤ ጥሩ ነርሶች አዲሷን እናት ሆን ብለው ከእንዲህ ያለችው ጎን ያስተኟታል። ልጁ እየበረታ ሲሄድ ስኒው ዝቅ ይደረጋል፣ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ድረስ። ዝቅ ባለ ቁጥር ለመሳብ ጉልበት ይፈልጋል፤ ጡቱም የዚያኑ ያህል ይሠራል።

መጠኑ ትንሽ ነው። ሦስት ኪሎ የሚመዝን ልጅ በቀን 400 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሰጠዋል፤ ለስምንት ሲካፈል በአንድ ጊዜ 50 ሚሊ ሊትር፣ የቡና ስኒ የማይሞላ። ከእያንዳንዱ በፊት፣ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ፣ ባዶ የሚመስለውን ጡት ይጠባል። ልጁ በየቀኑ ይመዘናል። ክብደቱ ሲጨምር ደግሞ የስኒው ወተት አይጨመርለትም፤ ለአዲስ ሰው ግራ የሚያጋባው ይህ ነው። ስኒው ሳይጨምር ልጁ ከከበደ ትርፉ የመጣው ከእናቱ ነውና። ለሁለት ሦስት ቀን በቀን 20 ግራም ከጨመረ ስኒው በግማሽ ይቀነሳል። በግማሹም 10 ግራም እየጨመረ ከቀጠለ ቱቦው ይነሳል። 10 ግራም የእጅ ሚዛን የማይሰማው ነገር ነው፤ ለዚህም ነው ጥሩ ሚዛን ከጥሩ መድኃኒት እኩል የሚያስፈልገው።

ስንት ቀን ይፈጃል? አንዳንዷ በቀናት፣ አንዳንዷ ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ጠብታውን ታያለች። ልጁ ከሁለት ወር በታች ከሆነና የተቋረጠበት ጊዜ ካጠረ ይፈጥናል። ሙሉ በሙሉ የማይመለስላቸውም አሉ፤ ለእነሱ የጎደለውን በስኒ መሙላት ነው እንጂ የወጣውን መናቅ አይደለም። በአፍሪካ በብዙ ቦታ እናቱ የሞተችበትን የልጅ ልጅ ታቅፈው ያጠቡ አያቶች ታሪክ ተመዝግቧል። ከዓመታት በፊት የተወች አያት ከቻለች፣ ከዐሥር ቀን በፊት የተወች እናት ላትችል የምትችልበት ምክንያት ጥቂት ነው።

ሌላ ሴት ታጥባው የሚለው መንገድ በወሎ ቀላልም ከባድም ነው። እስላምና ክርስቲያኑ ተጋብቶና ተዋልዶ በሚኖርበት አገር የጎረቤት ጡት እንግዳ ነገር አይደለም። በእስልምና ግን አንድ ጡት የጠቡ ልጆች እንደ ወንድምና እህት ይቆጠራሉ፣ አይጋቡም፤ ስለዚህ ሁለቱ ቤተሰቦች ቀድመው ተነጋግረው፣ ሰው አውቆት መሆን አለበት። አጥቢዋም የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ ታድርግ። ይህን ያሟላ ቤት ከጣሳ ወተት በፊት ያስበው።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ግን በአንድ ነገር ላይ ይቆማል፣ በእናቲቱ ጊዜ። በሃያ አራት ሰዓት ከስምንት እስከ ዐሥራ ሁለት ጊዜ፣ በሁለቱም ጡት፣ ሌሊትም ሳይቀር ታጥባ ማለት ሌላ ሥራ አትሥራ ማለት ነው። ከሆስፒታል ወጥታ የገባች ሴት ግን ማንም አራስ አይላትም። ልጁ ሦስት ወር ሆኖታል፤ ክርስትናው ተነስቷል ወይም አርባው ወጥቷል። ገንፎው አልቋል። ስለዚህ በማግሥቱ እንስራ ታዝላለች፣ ኩበት ትለቅማለች፣ እንጀራ ትጋግራለች። ከፀሐይ ስትገባም «የሞቀ ወተት ያመዋል» ተብላ የመጀመሪያውን አልባ ትደፋለች፤ ያች ጥቂት ወተት እንኳ መሬት ትጠጣታለች።

እኛ ግን ለዚህ ነገር መድኃኒት አለን፤ አራስ ቤት ይባላል። በሁለቱም ሃይማኖት ሴት ስትወልድ ሰው ይሠራላታል፣ አጥሚት ይቀርብላታል፣ ማንም ውሃ ቅጂ አይላትም። አጃና አብሽ ወተት መጨመራቸውን የሚያረጋግጠው ማስረጃ ደካማ ነው፤ እኔ ግን አጥሚቱን አልንቅም። የሚጠጣው ቁጭ ተብሎ ነው፣ የሚሠራውም በሌላ ሰው እጅ ነው። ወተት የሚመልሰው ያ ነው። ከሕመም የተመለሰች አጥቢ ሁለተኛ አራስነት ያስፈልጋታል፣ ለሁለት ሳምንት ያህል። ጾምም ቢሆን አይያዛት፤ የንስሐ አባትም ሼኹም ለአጥቢ ፈቃድ እንዳለ ያውቃሉ፣ ሳትጠይቅ ይንገሯት።

የወረርሽኝ ዕቅድ ሲጻፍ ጓንት፣ አልጋና ክሎሪን ይቆጠራል፤ የሚጠባ ልጅ የት እንደሚተኛ ግን ብዙ ጊዜ አይጻፍም። በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ ፕሮግራሙ ከተጀመረበት ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ስለ እንገርና ስለ ስድስት ወር ጡት ብቻ ማጥባት ብዙ አስተምረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከስድስት ወር በታች ካሉ ልጆች 59 በመቶው ጡት ብቻ ይጠቡ ነበር። የተቋረጠ ጡት እንዴት እንደሚመለስ የማሳየቱ ሥራ ግን በአብዛኛው ለሆስፒታል ክፍል የተተወ ነው። ቱቦና ሚዛን ወደ ጤና ጣቢያ መውረድ አለባቸው።

ቃሬዛ የምትሸከሙ ወንዶች፣ እናቲቱን ስታወጡ ልጁንም አብራችሁ አውጡ። ዘግይታችሁ ልጁ ከቀረ ደግሞ በቀን ስምንት ጊዜ በእጇ እንድታልብ ንገሯት፣ ቢጣልም ይጣል። ስትመለስ ሁለት ሳምንት ውሃውን እናንተ ቅዱ።